ከኮምቦልቻ ወደ መርከብ ሞተር ክፍል፦ ወሩን በፊደል አስጽፉ

የመርከብ ሥራ የሚፈልጉ የኮምቦልቻና የደሴ ልጆች ብዙ ጥያቄ ይጠይቁኛል። ደሞዙ ስንት ነው? ፈተናው ይከብዳል? ማዕበሉስ? ስለ ወረቀት የጠየቀኝ ግን እስካሁን የለም። እኔን ያንገበገበኝ ወረቀት ነው። ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ያን ሁሉ ጊዜ አልንከራተትም ነበር።

ቀላሉን ቶሎ ልጨርስ። ኮምቦልቻ መካኒካል ምህንድስና ተማርኩ፣ ተመረቅኩ። የባሕረኛ ሥልጠና ማስታወቂያ ሲወጣ ተመዘገብኩ። ተፈተንኩ፣ ጤናዬን ተመረመርኩ፣ አለፍኩ። እሳት ማጥፋት፣ ባሕር ላይ ራስን ማዳን፣ የመጀመሪያ እርዳታና የመርከብ ሞተር ተማርን። ዋና የማትችሉ ግን ቀድማችሁ ልመዱ። እኔ ሐይቅ እየተመላለስኩ ነው የለመድኩት። ውኃ የሚፈራ ሰው በሥልጠናው በጣም ይቸገራል።

የኛ አካባቢ ሰው ለባሕር እንግዳ አይደለም። አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ከኮምቦልቻ ተነስቶ በባቲና በሚሌ በኩል አሰብ ይወርድ ነበር። የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ እ.ኤ.አ. በ1964 ተቋቁሞ ስለነበር አባቴ ወደቡ ላይ የራሳችንን መርከብና የራሳችንን ባሕረኛ እያየ ነው የሠራው። እ.ኤ.አ. ከ1998ቱ ጦርነት በኋላ መኪናው ሁሉ ፊቱን ወደ ጅቡቲ አዞረ። የባሕረኛ ትምህርት ግን አልጠፋም። ባሕር የሌላት አገር ልጆቿን ቢሾፍቱ ባቦጋያና ባሕር ዳር ሐይቅ ዳር ታሠለጥናለች። በዚህ ከልቤ እኮራለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ትምህርት ቤት የሚሰጣችሁ ሰርተፊኬት ብቻውን የመርከብ መኮንን አያደርጋችሁም። ይህ የመጣው በረጅም ታሪክ ነው። እንግሊዞች በውጭ ንግድ ላይ የሚሠሩ የመርከብ አዛዦችና ረዳቶቻቸው እንዲፈተኑ በሕግ ያስገደዱት እ.ኤ.አ. በ1850 ነው። ለመርከብ መሐንዲሶች የብቃት ሰርተፊኬት የመጣው በ1862 ነው። ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ እያንዳንዱ አገር በራሱ መለኪያ ይሠራ ነበር። በ1978 የባሕረኞች ሥልጠናና የምስክር ወረቀት ዓለም አቀፍ ስምምነት ተፈረመ። ይህም ቢሆን በአብዛኛው የሚያየው እውቀትን ነበር። በ1995 ሲሻሻል ነገሩ ተለወጠ። «ታውቃለህ ወይ?» ብቻ መሆኑ ቀረና «ስትሠራ ማን አየህ?» መጣ።

ሪከርድ ቡክ የሚባለው ደብተር ክብደቱ ከዚህ ነው። ካዴት፣ ማለትም ተለማማጅ መኮንን፣ ሆናችሁ መርከብ ላይ የሠራችሁት እያንዳንዱ ሥራ እዚያ ይጻፋል። የነዳጅ ማጣሪያውን ፈታ፣ ጄኔሬተር አስነሳ፣ ፓምፕ ጠገነ እየተባለ መሐንዲሱ ይፈርማል። ለሞተር ክፍል መኮንንነት ወርክሾፕና የባሕር አገልግሎት ተደምሮ ከ12 ወር ማነስ የለበትም። ከዚያ ውስጥ ቢያንስ 6 ወሩ በመሐንዲስ ቁጥጥር ስር የሞተር ክፍል ተረኛ ሆናችሁ የሠራችሁበት መሆን አለበት።

እኔ ይህን ሁሉ አሟልቼ ነው የተመለስኩት። ሪከርድ ቡኬ ሞልቷል፣ ተፈርሟል። የሠራሁበት የመርከብ ድርጅት የአገልግሎት ደብዳቤም በእጄ ነው። የወርክሾፑ ጊዜ ሲደመር ከ12 ወር ያልፋል። ፋይሌን ይዤ አዲስ አበባ ወጣሁና የመኮንንነት ሰርተፊኬት ለማግኘት ለሚመለከተው ቢሮ አስገባሁ። ስሙን አልጠራም።

ሠራተኛው ደብዳቤውን አየና «ሦስት ወር ይጎድልሃል» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መርከብ ላይ የወጣሁት በፈረንጆቹ ሜይ 8 ነው። ደብዳቤውን የጻፈው ድርጅት ወሩን አስቀድሞ 05/08 ብሎ ጽፎታል። ሪከርድ ቡኬን የፈረመው ሁለተኛ መሐንዲስ ደግሞ ቀኑን አስቀድሞ 08/05 ብሏል። ሠራተኛው የደብዳቤውን ኦገስት 5 ብሎ አነበበው። «ሁለቱ ይጋጫሉ፣ እኔ የምይዘው ደብዳቤውን ነው» አለ። ከመርከብ የወረድኩበት ቀን እዚያው ደብዳቤ ላይ 02/20 ተብሎ ተጽፏል። «ወንድሜ፣ ሃያኛ ወር የሚባል አለ እንዴ? ደብዳቤው ወሩን ነው የሚያስቀድመው» አልኩት። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። «የተስተካከለ ደብዳቤ አምጣ።»

ከማን ላምጣ? ካፒቴኑ ወደ ሌላ መርከብ ተዛውሯል። ድርጅቱን በኢሜይል ስጠይቅ «ኤጀንትህን አናግር» አሉኝ። ያስቀጠረኝ ኤጀንት ደግሞ «ድርጅቱን ጠይቅ» አለ። ኮምቦልቻ ተመልሼ ሳምንታት በስልክና በኢሜይል ለመንኩ። ኔትወርክ ሲጠፋ ደግሞ ደሴ ወጥቼ እሞክራለሁ። እናቴ «አብሽር ልጄ፣ ያልፋል» እያለች ታጽናናኛለች። በዚህ መሃል አንድ የሥራ ቦታ ተገኝቶ ነበር። ወረቀቴ ስላላለቀ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ይህ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

እንደገና ሄድኩ፤ የሚሰማኝ አላገኘሁም። በኋላ ላይ አንዲት ኃላፊ ፋይሉን ተቀበለችና ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ገለጠች። የባሕረኛ ደብተሬ ላይ ደረሰች። ሲማን ቡክ የምንለውን ማለቴ ነው። እዚያ ላይ ካፒቴኑ የወጣሁበትንና የወረድኩበትን ቀን ሲጽፍ ወሩን በፊደል ጽፎታል፤ ማኅተምም አለው። «ይሄ እያለ ምን አስቸገረህ?» አለችኝ። ደብተሩ ከመጀመሪያው ጀምሮ ፋይሉ ውስጥ ነበር። ያ ሰው አንድ ጊዜ እንኳ አልገለጠውም! እሷ ግን ሻይ እንኳ በማያስፈላ ጊዜ ጨረሰችው።

ስለዚህ የምላችሁን ያዙልኝ። ከመርከብ ሳትወርዱ ማንኛውም ደብዳቤ ላይ ወሩ በፊደል ይጻፍ። ካፒቴኑ ፊት ቆማችሁ አንብቡት። ኋላ የሚታረም ነገር የለም፣ መርከቡም ሰውየውም ይሄዳሉ። ሪከርድ ቡክን ምዕራፉ ሲያልቅ ሰብስቦ ማስፈረም ይቻላል ይሏችኋል። አትስሙ። ሥራው በተሠራበት ቀን አስፈርሙ። አብሮኝ የነበረ ልጅ የሚፈርምለት መሐንዲስ ኮንትራቱ አልቆ ድንገት ስለወረደ እንደ አዲስ ሥራ ደግሟል። ገጹን ሁሉ ፎቶ አንስታችሁ ለቤተሰብ ላኩ።

ዋናውን ወረቀት በኤጀንሲ በኩል ላኩ ሲሏችሁም እሺ አትበሉ። ራሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ። አንዱ ካልሰማችሁ ኃላፊውን ጠይቁ። እኔ ያን ያህል መታገስ አልነበረብኝም።

ሥራ ላስገባህ ብሎ ገንዘብ ለሚጠይቃችሁ ደላላም አትክፈሉ። እ.ኤ.አ. የ2006ቱ ዓለም አቀፍ የባሕረኞች የሥራ ስምምነት ባሕረኛ ለቅጥር እንዳይከፍል ይከለክላል። ከእናንተ ሊጠየቅ የሚችለው የሕክምና ማስረጃ፣ የባሕረኛ ደብተር፣ የፓስፖርትና የመሳሰሉት የጉዞ ሰነዶች ወጪ ነው። ቪዛ እንኳ የመርከቡ ባለቤት ወጪ ነው።

ለመዘጋጀት የምትፈልጉ ደግሞ ኮምቦልቻ ውስጥ ጋራዥና ብየዳ ቤት ሞልቷል። ክረምቱን እዚያ ግቡ። ቶርኖና ብየዳ ቀድሞ የለመደ ካዴት መርከብ ላይ ሁለተኛው መሐንዲስ ቶሎ ያምነዋል፣ ቶሎም ይፈርምለታል።

ለቢሮው ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ። የማመልከቻ ቅጹ ላይ «ወሩ በፊደል ይጻፍ» የሚል አንድ መስመር ጨምሩልን። በቃልም በጽሑፍም አመልክቻለሁ። ባለፈው ስሄድ ቅጹ ያው ነው።