የሰውን የሕይወት ታሪክ መቅዳት፤ ከጅማ የልምምድ ማስታወሻ

በጅማ ከተማ የሚኖሩ፣ በመጽሐፍ ያልተጻፈላቸው ሰዎች የኑሯቸውን ታሪክ በራሳቸው አንደበት እንዲያወጉኝ እየጠየቅሁ በስልኬ መቅዳቱን ቀጥያለሁ። በዚህ ክረምት ጎልቶ የታየኝ የአጠያየቅ ጉዳይ ነው። ሰው «የሕይወትዎ ዓላማ ምንድን ነው?» ተብሎ በቀጥታ ሲጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ ለወጣቱ ምክር ይሰጣል፤ ስለ ሥራው ሲጠየቅ ግን ሳያስበው ዓላማውን ይናገራል።

በቡና ለቀማ፣ ማለትም በመጋዘን የቡና ፍሬ በመለየት ሥራ፣ ልጆቻቸውን ያሳደጉ አንዲት እናት ለዚህ ምስክሬ ናቸው። ስለ ችግራቸው ስጠይቃቸው «አልሐምዱሊላህ፣ አለፈ» ብለው ዝም አሉ። ጥቁሩን፣ የተሰበረውንና ነቀዝ የበላውን ፍሬ ከደህናው እንዴት እንደሚለዩ ስጠይቃቸው ግን፣ ባለቤታቸው በሞቱበት ዓመት ሕፃን አዝለው መጋዘን መግባታቸውን፣ ከዕለት ገቢያቸው ቀንሰው እቁብ መጣላቸውን፣ ልጆቻቸው ራሳቸውን ከቻሉ በኋላም ሥራውን ያልተዉት ከገጠር የሚመጡትን ልጃገረዶች ለማስተማር መሆኑን በዝርዝር አወጉኝ። «ልጄ፣ እነሱም እንደኔ ሰው የላቸውም» አሉ። ከቀዳኋቸው ቃላት ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ።

ሁለተኛው ትምህርት የዘመን አቆጣጠርን ይመለከታል። አረጋውያን ዓመተ ምሕረቱን ባያስታውሱም ነገሩ የሆነው ከአንድ ታላቅ ክስተት በፊት ይሁን በኋላ አይስቱትም። ስለዚህ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀውን የገጠር መሬት አዋጅ፣ የ1977ቱን ድርቅና የ1983ቱን የመንግሥት ለውጥ እንደ ችካል እጠቀምባቸዋለሁ። በድርቁ ጊዜ በልጅነታቸው ከወሎ ወደ ያኔው ከፋ ክፍለ ሀገር በሰፈራ የመጡ አንድ አናጺ፣ ከአንድ ግንድ የሚፈለፈለውን ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ መሥራት የተማሩበትን ጊዜ ያገኘነው በዚህ መንገድ ነው፤ ለእርሳቸውም የዚህ አገር ሰው የሆኑት መሬት ሲሰጣቸው ሳይሆን የአካባቢው ሽማግሌ መጥረቢያ አስይዘው ሙያቸውን ያስተማሯቸው ዕለት ነው።

ቋንቋን በተመለከተ፣ ተራኪው በአፋን ኦሮሞ ማውጋት ከመረጠ ቅጂው በዚያው ይቀጥላል። አማርኛውን በኋላ አዘጋጅቼ ከዋናው ጋር ጎን ለጎን አኖረዋለሁ፤ ለቅሶና ምርቃት በተለይ በተነገሩበት ቋንቋ መቆየት አለባቸው ብዬ አምናለሁ።

ጽሑፉ እንዳለቀ ለባለታሪኩ አነብለታለሁ፤ ይውጣ ያለው ይወጣል። እኒያ እናትም የአንድ ዘመዳቸውን ነገር አስወጥተው፣ በምትኩ በመጀመሪያው ቀን ሥራውን ያሳየቻቸውን ሴት ጨመሩ። እንዲህ አንብቦ ማረም ጊዜ ይወስዳል፤ ሆኖም ታሪኩ የእነሱ ንብረት ነውና ሊታለፍ አይገባም።

ቀጣዩ ዙር ከጥቅምት ጀምሮ፣ ቡና በሚለቀምበት ወራት፣ በጎማና በማና ወረዳዎች ይሆናል። ባለታሪኩ በሕይወት ከሌለ ስለ ቅጂው ከቤተሰቡ ጋር እንዴት እንደምትስማሙ፣ ልምዱ ያላችሁ ብታካፍሉኝ ለዚህ ጉዞ ይጠቅመኛል።