ባዶ ፖስታ

አዲስ አበባ ሳለሁ ስድስት ዓመት በፖስታ ቤት መስኮት ተቀምጬ ቴምብር ሸጫለሁ። ስለዚህ ስለ ፖስታ አዲስ ነገር የሚነግረኝ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ግዛት መጥቼ በአንድ ቤተ መጻሕፍት የቆዩ ሰነዶች ክፍል ስቀጠርም አለቃዬን የተዋወቅኋቸው በዚሁ ጉራ ነው።

የተሰጠኝ ሥራ ቀላል ነበር። የሉዊዝ ኢሞጀን ጋይኒ ደብዳቤዎች ከታጨቁበት ካርቶን እያወጡ የዛገውን ስፒል መንቀል፣ የታጠፈውን ወረቀት መዘርጋት፣ አሲድ በሌለበት አቃፊ ማኖር። ሴትዮዋን አላውቃትም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1861 ቦስተን አካባቢ ተወልዳ በ1920 እንግሊዝ አገር የሞተች ካቶሊካዊት ገጣሚ ናት። ግጥሞቿን ዛሬ የሚያነብ ጥቂት ነው። እኔም ብሆን እውነቱን ለመናገር ከግጥሞቿ ይልቅ ደብዳቤዎቿን ወድጃለሁ።

በሦስተኛው ቀን ሥራው እንዲፈጥንልኝ ፖስታዎቹን ወደ ቅርጫት መጣል ጀመርኩ። ደብዳቤው ከወጣ በኋላ ባዶ ፖስታ ምን ያደርጋል? አለቃዬ በአጠገቤ ሲያልፉ ቆም አሉ። አልጮሁም፤ ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። ቅርጫቱን አንስተው ጠረጴዛው ላይ ገለበጡትና አንዱን ደብዳቤ እያሳዩኝ «ይህ መቼ ተጻፈ?» አሉኝ።

ራስጌው ላይ «ሐሙስ» ይላል፤ ሌላ ምንም የለም።

«የትኛው ሐሙስ?»

ወሩም ዓመቱም የነበረው እኔ በጣልኩት ፖስታ ላይ፣ ቴምብሩ ላይ ባረፈው ማኅተም ውስጥ ነው። ያን የቀን ማኅተም ስድስት ዓመት ሙሉ ክንዴ እስኪዝል የመታሁት እኔ!

አለቃዬ ወንበር ስበው ተቀመጡና የጋይኒን ነገር አጫወቱኝ። አባቷ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የተዋጋ አየርላንዳዊ ጄኔራል ነበር፤ በ1877 ሲሞት ገና ልጅ ነበረች። ግጥም እንጀራ አልሆናት አለና በ1894 ከቦስተን ወጣ ብላ በምትገኘው ኦበርንዴል የፖስታ ቤት ኃላፊ ሆነች። ከነዋሪዎቹ አንዳንዶቹ ካቶሊክና የአየርላንዳዊ ልጅ በመሆኗ አልወደዷትም። ደመወዟ የሚታሰበው በምትሸጠው ቴምብር መጠን ነበርና ቴምብራቸውን ከቦስተን እየገዙ ያመጡ ጀመር። ሰደቧት አይባል፣ ደበደቧት አይባል፤ ጉሮሮዋን በቴምብር አነቁት። ወሬው ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ግን ወዳጆቿና የማያውቋት ሰዎች ጭምር ከየአገሩ ገንዘብ እየላኩ ከእሷ ቴምብር ይገዙ ያዙ። እስከ 1897 በሥራው ቆየች።

እኔ መስኮት ላይ ሳለሁ ብሸጥም ባልሸጥም ደመወዜ ያው ነበር። የተቀየመኝ ደንበኛ ሌላ ቅርንጫፍ ሄዶ ቢገዛ ሰልፉ ያጥርልኛል እንጂ ጦሜን አላድርም። ያን ቀን እያንዳንዷን የሁለት ሳንቲም ቴምብር እንደ ቁራሽ ዳቦ አየኋት። ይባስ ብሎ ጋይኒ ኋላ በቦስተን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ክፍል ሠርታለች፤ የእኔው ሙያ ባልደረባ ናት ማለት ነው። ቅርጫቱን ብታይ ምን ትለኝ ይሆን እያልኩ አፈርኩ።

ፖስታዎቹን ወደየደብዳቤያቸው ለመመለስ አንድ ሳምንት ፈጀብኝ። የቀለሙን ዓይነትና የወረቀቱን እጥፋት አስተያየሁ። ከሁሉ የረዳኝ ግን ንቄ የጣልኩት ስፒል ነው፤ ደብዳቤውንና ፖስታውን አብሮ የወጋ ስለነበር የተወው የዝገት ነጠብጣብ አንዱ ካንዱ ጋር ልክ ይገጥማል።

ሦስት ፖስታዎች ግን ባለቤት አጡ። ለብቻቸው አቃፊ ተሰጣቸው። ማብራሪያውን አለቃዬ ሊጽፉት ነበር፤ እኔ ልጻፍ ብዬ ለመንኩ። «ከየትኛው ደብዳቤ እንደተለዩ አይታወቅም» ብዬ ጀመርኩ። አለቃዬ አንብበው እርሳሱን መለሱልኝ፤ «ማን እንደለያቸው ይታወቃል» አሉ። ስሜንና ቀኑን ጨመርኩበት፤ ቀኑን ከነዓመቱ።