በባጃጅ ጀርባ ላይ የተተከለን የርቀት ሴንሰር ከረብሻ ማላቀቅ፦ የሦስት ወር የሥራ ማስታወሻ

ወንድሜ ባሕር ዳር ውስጥ ባጃጅ ይነዳል። ገበያው አካባቢ በጠባብ ቦታ ወደ ኋላ መመለስ የዕለት ሥራው ሲሆን፣ ከጀርባው ደግሞ ሕፃናት ይሯሯጣሉ። ስለዚህ በኋለኛው ፓራውልት ላይ ርቀት የሚለካ ኤች-ሲ-ኤስ-አር 04 ሴንሰር ተክዬ፣ መሪው አጠገብ ካስቀመጥኩት አርዱዊኖ (ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ጋር አገናኘሁት። ሴንሰሩ ጆሯችን የማይሰማውን የ40 ኪሎኸርዝ ድምፅ ይልካል፤ ድምፁ ከዕቃ ላይ ነጥሮ እስኪመለስ የወሰደውን ጊዜ ይቆጥራል። የገደል ማሚቶ ማለት ነው።

ሞተሩ ሳይነሣ ሁሉም ነገር መልካም ነበር። ሞተሩ ሲነሣ ግን ከኋላ ምንም ሳይኖር 7 ሳንቲሜትር፣ 12 ሳንቲሜትር እያለ ይጮህ ጀመር። እኔም ጥፋቱን በሞተሩ ጩኸት ላይ ጥዬ ሴንሰሩን በስፖንጅና በላስቲክ ቱቦ ስሸፋፍን ሁለት ሳምንት አለፈ። እውነቱን ያገኘሁት በአንድ ቀላል ሙከራ ነው፦ ሞተሩ እየሠራ ሴንሰሩንና አርዱዊኖውን ከባጃጁ ላይ ፈትቼ፣ ኃይል ከፓወር ባንክ ሰጥቼ፣ እዚያው ጩኸቱ መካከል ቆሜ ወደ ግቢው ግንብ አነጣጠርኩት። አንድም የተሳሳተ ንባብ አልመጣም። ረብሻው በአየሩ ሳይሆን በሽቦው ይመጣ ነበር ማለት ነው፤ ከኋላ ወደ መሪው የሚሄደው ረጅም ሽቦ ከካንዴላው (ነዳጁን በእሳት ብልጭታ ከሚያቀጣጥለው የሞተር ክፍል) ገመድ ጎን ለጎን ተጠቅልሎ ስለነበር፣ ካንዴላው እሳት በተፋ ቁጥር የሚፈጠረው የኤሌክትሪክ ምት እንደ ማሚቶ ይቆጠር ነበር።

ከዚያ በኋላ አርዱዊኖውን ወደ ኋላ አዛውሬ የሴንሰሩን ሽቦ ወደ 20 ሳንቲሜትር አሳጠርኩት፤ ወደ ፊት የሚሄደው የጩኸት ማሰሚያው ሽቦ ብቻ ሆነ። የምልክቱን ሽቦ ከግራውንድ (ኔጋቲቭ) ሽቦው ጋር ገመድኩት፤ በሴንሰሩ እግር ላይ 100 ማይክሮፋራድና 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር (የኤሌክትሪክ መዋዠቅን የሚያረጋጋ አካል) በስታኞ አያያዝኩ። ከሠራሁት ሁሉ ይበልጥ የጠቀመው ሽቦውን ማሳጠሩ ነው፤ ወደ ፕሮግራሙ ከመሮጣችሁ በፊት ሽቦውን እንድትመረምሩ አጥብቄ እመክራለሁ።

አልፎ አልፎ የሚመጣ ስሕተት ግን ቀረ። በደብተሬ ከመዘገብኳቸው መካከል አንዱ ተከታታይ ንባብ እንዲህ ይላል፦ 142፣ 141፣ 9፣ 140፣ 139። አማካዩን ብወስድ 114 ይሆናል፤ ይህ ቁጥር ከእውነተኛው ርቀትም ከስሕተቱም ጋር አይገናኝም፣ አንዱ ውሸት አራቱን እውነት አበላሽቷልና። በመጠናቸው ደርድሬ የመካከለኛውን ስወስድ ግን 140 አገኛለሁ። ሆኖም ዋጋ አለው፦ በአንድ ንባብና በሚቀጥለው መካከል 60 ሚሊሰከንድ ስለምጠብቅ፣ አምስት ንባብ ለመሰብሰብ 300 ሚሊሰከንድ ያስፈልጋል፤ በሰከንድ 1 ሜትር ወደ ኋላ የሚሄድ ባጃጅ በዚያ ጊዜ 30 ሳንቲሜትር ይጓዛል። ሕፃን ከኋላ ባለበት ይህ ብዙ ነው፤ ስለዚህ ወደ ሦስት ንባብ ወረድኩ።

ከሁሉ ያስቸገረኝ የጎሚስታው ቤት ነው። ጎማ ሲነፋ ከቱቦው የሚያመልጠው አየር የሚያወጣው ፉጨት ሴንሰሩ የሚያዳምጠውን 40 ኪሎኸርዝንም ይጨምራል፤ ለሰከንዶች ስለሚቆይም መካከለኛውን ንባብ መምረጥ አያድንም። መዝገቡን ደጋግሜ ሳየው ግን አንድ ልዩነት አስተዋልኩ፦ እውነተኛ ዕቃ ሲኖር ንባቦቹ እርስ በርስ ይስማማሉ፣ በፉጨቱ ጊዜ ግን 30፣ ከዚያ 85፣ ከዚያ 11 እያሉ ይዘላሉ። አሁን ፕሮግራሙ ሦስቱ ንባቦች ካልተቀራረቡ ርቀት አይናገርም፤ በምትኩ «አላየሁም» የሚል የተለየ ድምፅ ያሰማል። ማሚቶ ጭራሽ ሳይመለስ ሲቀርም እንዲሁ ያደርጋል። የመጀመሪያው ፕሮግራሜ ማሚቶ ያጣበትን ጊዜ 400 ሳንቲሜትር፣ ማለትም መንገዱ ክፍት እንደሆነ አድርጎ ይወስድ ነበር፤ ይህን ሳስብ ዛሬም ይሰቀጥጠኛል።

ሙቀቱንም ማካተት ነበረብኝ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ብትሆንም የአየሩ መሳሳት የድምፅን ፍጥነት አይለውጥም፤ የሚለውጠው ሙቀቱ ነው። ድምፅ በ12 ዲግሪ በሰከንድ 339 ሜትር ያህል፣ በ30 ዲግሪ ደግሞ 349 ሜትር ያህል ይጓዛል። ጣና ዳር በማለዳ ቅዝቃዜ ያስተካከልኩት መለኪያ ከሰዓት በኋላ በ2 ሜትር ላይ 6 ሳንቲሜትር ያህል የሳተው በዚህ ምክንያት ነው። አንድ የሙቀት መለኪያ ስጨምርበት ተስተካከለ።

ያልተፈታው ለስላሳ ነገር ነው። ሐይቁ ዳር ባለው ደንገል ፊት ለፊት ስሞክረው ማሚቶው እጅግ ይደክማል፤ ድርቆሽ የሞላው ጆንያም እንዲሁ። ክረምቱ ሳይገባ ውኃ የማያስገባውን ዓይነት ሴንሰር ልተክል አስቤአለሁ፤ እርሱ ግን በጣም የቀረበን ነገር፣ ከ20 ሳንቲሜትር ገደማ በታች ያለውን፣ አያይም። ስለዚህ ከፓራውልቱ ወደ ውስጥ ገባ አድርጌ፣ ያ የማይታየው ርቀት በባጃጁ አካል ውስጥ እንዲያልቅ የሚያደርግ መያዣ በቆርቆሮ እያበጀሁ ነው።