የአባዬ ዋንጫና የኤሊንግተን ሣጥኖች

አባዬ ጥሩምባ ነፊ ነበር። በወጣትነቱ አዲስ አበባ ውስጥ ከባንዱ ጋር ያሸነፋት ትንሽ የብር ቅብ ዋንጫ ነበረችው። ሲያርፍ ወደ ዋሽንግተን ይዣት መጣሁ። ጠቁራ ነበር። እናቴ የናስ ዕቃ ስታጸዳ እንደማያት፣ በሎሚና በአመድ ፈተግኳት። አብረቀረቀች። ግን ብሩ ተልጦ ናሱ ወጣ፤ የተቀረጸው የአባዬ ስምም ደበዘዘ። በጣም አዘንኩ።

በኋላ ነው የገባኝ። ጥቁረቱ ቆሻሻ አይደለም፤ ራሱ ብሩ ከአየር ውስጥ ድኝ ጋር ተዋህዶ የፈጠረው ነው። በፈተጉት ቁጥር ብሩ አብሮ ይሄዳል።

የምኖረው ዩ ስትሪት አካባቢ ነው። የሐበሻ ምግብ ቤቶች የሞሉበት ይህ ሰፈር ታዋቂው አሜሪካዊ የጃዝ ሙዚቀኛ ዱክ ኤሊንግተን ያደገበት ነው። ሽልማቶቹ እዚሁ ከተማ፣ በአሜሪካ ታሪክ ብሔራዊ ሙዚየም መዝገብ ቤት እንደሚገኙ ሳውቅ፣ የስብስቡን ዝርዝር ቁጭ ብዬ አነበብኩ። ሙዚየሙ ስብስቡን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። ሽልማቶቹ የራሳቸው ክፍል አላቸው። እኔን የገረመኝ ግን አብሯቸው ያለው ነው፦ በእጅ የተጻፈ ኖታ፣ የኮንሰርት ፕሮግራም፣ ደብዳቤ፣ የሒሳብ ወረቀት ሳይቀር።

ወረቀቱ ለምን ከሽልማቶቹ ጋር እንደተቀመጠ ለመረዳት አንድ ታሪክ በቃኝ። እ.ኤ.አ. በ1965 ፑሊትዘር የተባለው ታላቅ የአሜሪካ ሽልማት የሙዚቃ ዳኞች ለኤሊንግተን ልዩ ሽልማት ይሰጠው ብለው ነበር፤ ቦርዱ እምቢ አለ። የተሰጠው በ1999፣ ከሞተ ከ25 ዓመት በኋላ ነው። መደርደሪያ ላይ ያለ ዋንጫ የተከለከለውን ሽልማት አይናገርም። ወረቀት ነው የሚናገረው።

የእኔ ዋንጫ ደግሞ አንዲትም ወረቀት አልነበራትም።

ስለዚህ መፈተጉን ተውኩ። በየጎኗ ፎቶ አነሳኋት። ላብ ብረት ስለሚበላ ያለ ጓንት አልነካትም። አሲድ በሌለው ወረቀት ጠቅልዬ ካርቶን ውስጥ አስቀመጥኳት። ሱፍ ጨርቅና ላስቲክ ድኝ ስላላቸው አጠገቧ አይደርሱም። ይሄ ቀላሉ ነው።

ከባዱ የአባዬን ጓደኞች ማፈላለግ ነበር። በሕይወት ያለ አንድ ሳክስፎን ተጫዋች አገኘሁ፤ ጋሼ እያልኩ ነው ያደግኩት። በስልክ ሦስት ቀን አወራን፣ ሁሉንም ቀዳሁት። ኅዳር 1966 ዓ.ም. ኤሊንግተን አዲስ አበባ መጥቶ ከንጉሠ ነገሥቱ ኒሻን ሲቀበል፣ እሱና አባዬ ለኮንሰርቱ ኮት ተበድረው እንደሄዱ ነገረኝ። ይህን አባዬ አንድም ቀን አላወራኝም።

የዋንጫዋ አፍ ላይ ስላለው ጎድጓዳም ጠየቅኩት። ላስጠግነው አስቤ ነበር።

«እንዳትነኪው ልጄ!» አለኝ። «ባሸነፍን ማታ ጠጅ የጠጣነው በእሷ ነው። ከእጄ ያመለጠችኝ እኔ ነኝ።»

ቃሉን እንዳለ ጻፍኩት፤ ቀኑንና የተናጋሪውን ስም ጨምሬ ከዋንጫዋ ጋር አንድ ካርቶን ውስጥ አኖርኩት።