ከትከሻ አጥንት ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ

አዲስ አበባ ፋርማሲ ስማር መርፌ መውጋት የነርሶች ሥራ ነበር። እኛ መድኃኒቱን እናዘጋጃለን፣ አወሳሰዱን እንነግራለን፤ ከዚያ አልፈን ሰው አንነካም። ስለዚህ ሜሪላንድ መጥቼ፣ የውጭ ተመራቂ የሚፈተነውን ሁሉ ጨርሼ ሥራ ስጀምር፣ አለቃዬ "ክትባት መስጠት ትችያለሽ?" ስትለኝ ደነገጥኩ። እዚህ ግን የተለመደ ነገር ነው። የአሜሪካ ፋርማሲስቶች ማኅበር ሥልጠናውን የጀመረው በ1996 ነው፤ በ2009 ደግሞ ሃምሳዎቹም ግዛቶች ፈቅደው ነበር። (ዓመቶቹን የጻፍኩት በፈረንጆቹ ነው።) ሰው ወተትና ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ፍሉ ሾቱን፣ ማለትም የኢንፍሉዌንዛ ክትባቱን፣ ተወግቶ ይመለሳል።

ሥልጠናው 20 ሰዓት ያህል ነው። ብዙው ንባብ ነው። ከባዱ በአካል የተገናኘንበት ቀን ነበር፤ የጨው ውኃ ሞልተን እርስ በርስ ተወጋጋን። እጄ ተንቀጠቀጠ። ሲፒአር፣ ማለትም ልቡ የቆመን ሰው ደረቱን እየተጫኑ መርዳት፣ ደግሞ ለብቻው ሠለጠንኩ።

ቦታው የሚገኘው እንዲህ ነው። የትከሻውን አጥንት ጫፍ በጣት ዳስሰህ ታገኛለህ። ከዚያ ሁለት ወይም ሦስት ጣት ወደ ታች ትወርዳለህ። መርፌው በ90 ዲግሪ ቀጥ ብሎ ጡንቻው ውስጥ ይገባል። ይኼን በቃሌ አውቀው ነበር። ማወቁ ግን አላዳነኝም።

በመጀመሪያው ኦክቶበር ክራቫት ያሰረ ሰውዬ በምሳ ሰዓቱ እየሮጠ መጣ። ሸሚዙን ማውለቅ አልፈለገም። አንገቱ ጋ ፈታ አድርጎ ትከሻውን ብቻ አሳየኝ። እሱ ተቀምጧል፣ እኔ ቆሜያለሁ፣ ከኋላው ሰልፍ አለ። ከላይ ወደ ታች ወጋሁት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሶ መጣ። ክንዱን ከደረቱ በላይ ማንሳት አቅቶት ነበር። በጣም ከፍ ብዬ ስለወጋሁ ክትባቱ ጡንቻውን ስቶ መገጣጠሚያውን አስቆጥቶበታል። ይቅርታ ጠየቅኩት። ሐኪሙ ጋ ላክሁት። ቬርስ የሚባለው የመንግሥት የክትባት ጉዳት መመዝገቢያ ላይም ራሴ አስመዘገብኩ። የዳነው በፊዚዮቴራፒ ነው፤ ወራት ፈጅቶበታል።

ከዚያ ወዲህ ቆሜ ወግቼ አላውቅም። ወንበሬን ስቤ ከክንዱ ትይዩ እቀመጣለሁ። እጅጌው የማይጠቀለል ከሆነ ክንዱ ከልብሱ ይወጣል፤ ለዚያ መጋረጃ አለን። አዲስ ልጆች ሳሠለጥን ከሁሉም በፊት የምነግራቸው ይህንን ሰውዬ ነው።

ኮቪድ ሲመጣ ሌላ ዓለም ሆነ። ክትባቱ በፌዴራል መንግሥት በኩል ወደ ፋርማሲዎች በቀጥታ መምጣት የጀመረው በፌብሩዋሪ 2021 ነው። የዚያን ጊዜው የፋይዘር ብልቃጥ በ1.8 ሚሊ ሊትር የጨው ውኃ ይበረዝና ለ6 ሰው ይሆናል። ከተበረዘ ግን ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም። ማታ ላይ ቀጠሮ የያዘ ሰው ሲቀር ክትባቱ ሊደፋ ነው። አንገበገበኝ። ደብተር ገዛሁ። የምሠራው እዚሁ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ የእኛ ሰው ሞልቷል። ተራቸው የደረሰና በአሥር ደቂቃ መድረስ የሚችሉ ሰዎችን ከነስልካቸው ጻፍኩ፦ የታክሲ ሾፌሮች፣ የበርበሬና የሽሮ ሱቅ ያላት ሴትዮ፣ አረጋውያን የሚንከባከቡ እህቶች። "ሁለት ተርፎኛል፣ አሁኑኑ ድረሱ" እላለሁ። ይደርሳሉ። አንዳንዴ ፒጃማ ለብሰው።

ያ ጊዜ ደግሞ ሁዳዴ ነበር። አንዲት እህት ከተወጋች በኋላ ላብ አጠመቃትና በወንበሩ ላይ ተዝለፈለፈች። ደግነቱ ተቀምጣ ነበር። ስትነቃ ስጠይቃት ከማታ ጀምሮ ውኃ እንኳ አልቀመሰችም። አስተኝቼ እግሯን ከፍ አደረግኩላት፣ ደህና ሆነች። ቅጹ ስለ አለርጂ ይጠይቃል፣ ስለ እርግዝና ይጠይቃል። ስለ ጾም አይጠይቅም። እኔ ግን መጠየቅ ነበረብኝ፤ አገሬን አውቀዋለሁ። ከዚያ በኋላ ለጾመኞች ቀጠሮውን አመሻሽ ላይ አደረግኩ። በኤፕሪል ረመዳን ሲገባም እንዲሁ፣ ለሚመቻቸው ከኢፍጣር በኋላ። ከተወጉ በኋላ የምትጠበቀውን 15 ደቂቃም ሳይቀመጥ ማንም እንዲሄድ አልፈቅድም።

ስለ ቋንቋ አንድ ነገር ልበል። አንዲት እናት የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ሊወስዱ ሲመጡ "የሺንግልስ ክትባት ይውሰዱ" እላቸዋለሁ። "ተይኝ ልጄ፣ እኔ ደህና ነኝ" ይሉኛል። ሦስት ጊዜ እንዲህ ሆነ። በአራተኛው "እማማ፣ የአልማዝ ባለጭራ ክትባት ነው እኮ" አልኳቸው። ቆም አሉ። "ለእሱ ክትባት አለው እንዴ?" ታላቅ እህታቸውን ይዟት እንዴት ሌሊት ሌሊት ስታለቅስ እንደነበር ነገሩኝ። በልጅነት የሚይዘን ጉድፍ ከዳነ በኋላም ቫይረሱ ነርቭ ውስጥ ተደብቆ እንደሚቀር፣ ዕድሜ ሲገፋ በአልማዝ ባለጭራ እንደሚመለስ አስረዳኋቸው። ከ50 ዓመት በላይ ላለ ሰው ነው፤ ሁለት ጊዜ ይሰጣል፣ ሁለተኛው ከ2 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ። ያን ዕለት ተወጉ። ለካ እምቢ ያሉት ክትባቱን አልነበረም፤ ስሙን አያውቁትም ነበር።

ጉበትን የሚያጠቃው የሄፓታይተስ ቢ ነገር ደግሞ በጆሮ የሚነገር ነው። ክትባቱ ከ2022 ጀምሮ ከ19 እስከ 59 ዓመት ላለ አዋቂ ሁሉ ይመከራል። በእኛ አገር በሽታው ብዙ ስለሆነ፣ መጀመሪያ ተመርመሩ ብዬ እመክራለሁ። ግን "የጉበት በሽታ" የሚለውን ቃል ሰው በሞላበት ባንኮኒ ላይ ጮክ ብዬ አልናገርም። አንዴ ተናግሬው አንድ ወጣት ጥሎኝ ሄዷል። አልተመለሰም።

እስከ ዛሬ ከሁሉ በላይ ያስፈራኝ ግን የመጣው በመርፌው አልነበረም፤ በስም ነው። አንድ ቅዳሜ ሁለት ጋሼዎች ተከታትለው መጡ። ሁለቱም ተስፋዬ ናቸው። አንዱ ለፍሉ፣ ሌላው ለአልማዝ ባለጭራ። ሁለቱንም አዘጋጅቼ ትሪው ላይ አስቀመጥኩ። ስልክ ጮኸ፣ አነሳሁ፣ አንድ ሐኪም ነበር፣ አወራን። ተመልሼ "የልደት ቀንዎ?" ስል "ጃንዋሪ 1" አሉኝ። ወረቀቱ ላይም ጃንዋሪ 1 ይላል። መርፌውን አንስቼ ክንዳቸውን ከጠረግኩ በኋላ "ፍሉ አይደል እንዴ እኔ?" አሉ። የያዝኩት የሌላውን ነበር።

የእኛ ትልልቅ ሰዎች ብዙዎቹ ወረቀት ላይ የተወለዱት ጃንዋሪ 1 ነው። የተወለዱበትን ቀን ማንም ስላልጻፈላቸው ቅጽ የሞላው ሰው እንዲያ ብሎ ሞላላቸው። ስለዚህ የልደት ቀን ብቻውን ሰው አይለይም። አሁን የአባት ስም ከነአያት እጠይቃለሁ። ምን ሊወጉ እንደመጡም በራሳቸው አፍ እንዲነግሩኝ አደርጋለሁ። አንድ ሰው፣ አንድ ትሪ። ሁለተኛው የሚዘጋጀው የመጀመሪያው ከተነሳ በኋላ ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ተጨማሪ ሰው እንዲመደብልኝ ጠይቄያለሁ። አንዳንድ ሳምንት ይመጣል፣ አንዳንድ ሳምንት ብቻዬን ነኝ። መርፌ ከያዝኩ ግን ስልክ አላነሳም። ይጥራ።