ፍሬን ያዝልኝማ!

የአጎቴ አሮጌ አይሱዙ ከደራ ሽንኩርት ጭነን ስንመለስ ከፊት በግራ በኩል «ኡኡኡ» ማለት ጀመረች። መጀመሪያ አስፋልቱ መስሎን ነበር። አዋሽ መልካሳን አለፍን፣ መንገዱ ለሰለሰ፣ እሷ ግን አላቆመችም። ፍጥነት ሲጨምር ድምፁም ይጨምራል። ማርሽ ፍሪ አድርገን ስንለቃትም ያው ነው። ሞተር እንዳልሆነ በዚህ አወቅን።

አዳማ እንደገባን በቀጥታ ጎሚስታ ጋ ሄድን። ልጁ ጎማውን ዳሰሰና «ተበላልቷል፣ ድምፁ የእሱ ነው» አለን። እውነቱን ለመናገር ተበላልቶ ነበር። ሁለት የፊት ጎማ ገዛን። ባላንስ፣ አላይመንት፣ ሁሉንም አስደረግን። በማግስቱ ያው «ኡኡኡ» አዲስ ጎማ ላይ ቁጭ ብሎ አብሮን ዞረ። አጎቴ ያን ቀን ምሳ አልበላም።

እኔ መካኒክ አይደለሁም። ረዳት ሆኜ ጀምሬ ነው መሪ የያዝኩት። ግን አንድ ነገር ልብ ብዬ ነበር። ኩርባ ላይ መሪውን ወደ ቀኝ ስጠመዝዝ ድምፁ ይብሳል፤ ወደ ግራ ስመልስ ሊጠፋ ይደርሳል። ወደ ቀኝ ስትታጠፍ ክብደቱ በግራ ጎማ ላይ ይወድቃል። ክብደት ሲያርፍበት የሚጮኸው ደግሞ ጎማው ሳይሆን ጎማውን የተሸከመው ነው። ይህን ጎማ ሳንገዛ ባስበው ኖሮ!

እሁድ ጠዋት ግቢያችን ውስጥ ልፈትሻት ተነሳሁ። በጠዋት ያደረግኩት ንፋሱ ሳይነሳ ብዬ ነው። ከተማችን ዳር ያ ሁሉ የንፋስ ተርባይን ዝም ብሎ አልተተከለም፤ የተከፈተ ኩሽኔታ (ጎማው ተደግፎ የሚዞርበት ተሸካሚ) ላይ ደግሞ አቧራ አይፈለግም። የኋላ ጎማዎች ላይ ታኮ አደረግኩ። በክሪክ አነሳኋትና ከአክሱ ሥር ወፍራም የእንጨት ጉማጅ ደገፍኩ። ባዶዋን ከሁለት ቶን በላይ የምትመዝን መኪና ሥር በክሪክ ብቻ ታምኖ አይገባም።

ጎማውን በግራና በቀኝ ይዤ ነቀነቅኩ። ይህ ነው የሚባል ነገር አልተሰማኝም። ስለዚህ የመሪው ታይሮድ (መሪውን ከጎማው የሚያገናኘው ዘንግ) ደህና ነው አልኩ። ከላይና ከታች ይዤ ስነቀንቅ ግን «ቀጭ ቀጭ» አለ።

«ፔርኖ ነው» አልኩ በሙሉ ልብ፤ መሪ ሲጠመዘዝ የፊት ጎማው የሚታጠፍበት ወፍራም ፒን ማለቴ ነው። አይሱዙ ሲንቀጫቀጭ ሁሉም ሰው ፔርኖ ስለሚል ነው እንጂ ሌላ ማስረጃ አልነበረኝም።

ጎረቤታችን ጋሼ ጋራዥ ውስጥ ያረጁ ሰው ናቸው። በአጥር ላይ ሆነው ሲያዩኝ ቆይተው ኖሯል።

«ቆይ ልጄ። አጎትህ ፍሬን ይርገጥልህና እንደገና ነቅንቀው።»

«አጎቴ፣ ፍሬን ያዝልኝማ!»

ረገጠ። ነቀነቅኩ። ቀጭታው ድራሹ ጠፋ። ሲለቅ ተመለሰ። ሦስት ጊዜ ደገምነው።

ጋሼ ነገሩን ሲያስረዱኝ በጣም ቀላል ነው። ፍሬን ስትረግጥ ሸራው ከጎማው ጋር የሚዞረውን ታምቡር ከውስጥ ተጭኖ ይይዘዋል፤ ሞዞው (ጎማው የሚታሰርበት የመሃል ብረት) በኩሽኔታው ላይ የመንቀጫቀጥ ዕድል ያጣል። ክፍተቱ የፔርኖ ቢሆን ኖሮ ፍሬን ተይዞም ጎማው ይነቃነቃል። ፔርኖ የሚጨበጠው በፍሬን አይደለማ። ያለ ምንም ወጪ፣ በአንድ ሰው እግር፣ የኩሽኔታ ነገር መሆኑ ተለየ።

ጎማውን ለመፍታት ስነሳ ሌላ ጉድ መጣ። ዳዶው እንቢ አለ። መፍቻው ላይ ቱቦ ሰካሁና በሙሉ ክብደቴ ቆምኩበት። ጋሼ አሁን አጥሩን ትተው በበሩ ገቡ።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«እየፈታሁ ነዋ ጋሼ።»

«እያጠበቅክ ነው! ብሎኑ ጫፍ ላይ ያለውን ፊደል አላየህም?»

በጨርቅ ጠረግኩት። «ኤል» የምትለዋ የፈረንጅ ፊደል ተቀርጻለች። እንዲህ ያሉ የቆዩ አይሱዙዎች በግራ በኩል ያለው ብሎናቸው ጥርሱ የተገላቢጦሽ ነው፤ ጎማው ሲዞር ዳዶው እንዳይላላ ተብሎ። ስንት ጊዜ ጎማ ስናስቀይር አጠገቡ ቆሜያለሁ፣ አንድ ቀን አላስተዋልኩም።

ሞዞው ከነታምቡሩ ሲወጣ ነገሩ ሁሉ ተገለጠ። ግራሶው ወተት የተቀላቀለበት ቡና መስሏል። ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው። ክረምት ላይ ከኮረብታው የሚወርደውን ጎርፍ ስንት ጊዜ አቋርጠናል! ግራሶ እንዳይወጣ፣ ውሃ እንዳይገባ የሚከለክለው የኋላው ኦይል ሲል ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። የውስጠኛውን ኩሽኔታ በናፍጣ አጥቤ ጥፍሬን ቀለበቱ ላይ ስጎትት እንደ ወፍጮ ድንጋይ ይቧጥጣል።

ዕቃ ለመግዛት አሮጌውን ይዤ ሄድኩ። ቁጥሩ ጠርዙ ላይ ተቀርጿል፤ በዓይን ግምት አይገዛም። ሻጩ «የውጪ ቀለበቱ ደህና ከሆነ ተወው፣ የውስጡን ብቻ ልሽጥልህ» አለኝ። አልሰማሁትም። ሁለቱ ተዋውቀው ነው የሚሠሩት፤ በተጎዳ ቀለበት ላይ አዲስ ኩሽኔታ ብታስቀምጥ ብዙም ሳይቆይ እሱንም ይበላዋል። ኦይል ሲሉንም ቀየርኩ።

ቀለበቱን ወደ ሞዞው ያስገባሁት በነሐስ ዘንግ ዙሪያውን ቀስ እያልኩ እየመታሁ ነው። ጋሼ «በጆሮህ ሥራ» ያሉኝ እዚህ ላይ ነው። ቀለበቱ ገና እየገባ ሳለ ድምፁ «ዱብ ዱብ» ይላል። ቦታው ሲደርስ «ቅጭል!» ብሎ ይጠራል። ያን ጊዜ ታቆማለህ። ግራሶውን ደግሞ መዳፌ ላይ አድርጌ ኩሽኔታውን በጠርዙ እየጫንኩ፣ በሌላኛው ወገን እስኪወጣ ሞላሁት። ላዩን መቀባት ብቻውን ዋጋ የለውም።

የተሳሳትኩት መጨረሻ ላይ ነው። ጋሼ ለምሳ ገብተው ነበር። ኩሽኔታውን የሚይዘውን የመሃሉን ዳዶ እስኪቆም ድረስ አጠበቅኩት፣ የሚቆልፈውን ሮንዴላ አጠፍኩ፣ ጎማውን አስሬ ወደ ወንጂ ወጣሁ። ድምፁ ጠፍቷል! እያፏጨሁ ሄጄ ተመለስኩ። ወርጄ ሞዞውን ስነካ መዳፌን ማሳረፍ አልቻልኩም። ቀኙ ለብ ከማለት አላለፈም።

ጋሼ ሲሰሙ ተቆጡ። «ኩሽኔታ መተንፈሻ ይፈልጋል እኮ!» እንደገና ፈታን። ደግነቱ ገና አልተቃጠለም። በዚህኛው ዙር ሞዞውን በእጄ እያዞርኩ ዳዶውን ጠበቅ አደረግኩ፣ ኩሽኔታው ቦታውን እንዲይዝ። ከዚያ ሙሉ በሙሉ ለቀቅኩት። ከዚያ ደግሞ ቀጭታው እስኪጠፋ ብቻ መልሼ አስጠጋሁት። ሞዞው ሳይከብድ እየዞረ፣ ሲነቀነቅ ደግሞ ዝም ማለት አለበት። እንደገና ወንጂ ደርሼ መጣሁ። ግራውም ቀኙም እኩል ለብ ብለዋል።

የቀኙን ገና አልከፈትኩትም። ጎርፉን ያቋረጡት ግን አብረው ነው። ግራሶ ተርፎኛል፤ ኦይል ሲሉን ገዝቼ አስቀምጫለሁ። አጎቴ የፊታችን እሁድ ጭነት ካልያዘ እከፍተዋለሁ። በዚያ በኩል ያለው ጥርስ ደግሞ እንደ ማንኛውም ብሎን ነው የሚፈታው፤ ጋሼን ሁለት ጊዜ ጠይቄያለሁ።