የሰባ ሰባት ልጆች

የምኖረው ሆላንድ ነው። ሥራዬ ሰው ጤናውን እንደያዘ እንዴት እንደሚያረጅ ማጥናት ነው። ጓደኞቼ "ታዲያ ስለ ነፍሰ ጡር ምን አስነበበህ?" ይሉኛል። እርጅና ከማህፀን ስለሚጀምር ነዋ!

እዚህ አገር እ.ኤ.አ. ከ1944 ወደ 1945 በተሻገረው ብርድ፣ በጀርመን ወረራ ጊዜ፣ ክፉ ረሃብ ገብቶ ነበር። አምስተርዳም ያለ አንድ ሆስፒታል የዚያን ዘመን የወሊድ መዝገብ አልጣለም። ሕፃናቱ ሃምሳ ዓመት ሲሞላቸው ተመራማሪዎች በዚያ መዝገብ ፈልገው አገኟቸው። በማህፀን ሳሉ የተራቡት ሰውነታቸው ስኳርን የመቆጣጠር አቅሙ ከሌሎቹ ደከም ብሎ ተገኘ። ረሃቡ በጽንሱ የመጀመሪያ ወራት የደረሰባቸው ደግሞ የልብ ሕመም በዝቶባቸዋል።

ይህን መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን ሥራ አልሠራሁም። እኔም የሰባ ሰባት ልጅ ነኝ፣ የወሎ። መዝገብ ግን የለኝም። ፓስፖርቴ ላይ ያለው መስከረም 1 ወረቀቱን የሞላው ሰው ግምት ነው።

ባለፈው ዓመት ሐይቅ ገባሁ። እናቴ ቡና አፈላች። ሁለተኛው ላይ ስንደርስ ጠየቅኳት።

"እማ፣ በድርቁ ጊዜ እኔን አርግዘሽ ስንት ወርሽ ነበር?"

የረከቦቱን ጠርዝ በጣቷ ጠረገች። "በልጉ ቀረ። ክረምቱም ከዳን። ለመውሊድ አራት ወሬ ነበር። ረመዷን ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ተወለድክ።" ትንሽ ዝም አለችና "ጡቴ ደርቆ ነበር። አክስትህ ናት ያጠባችህ" አለችኝ። ይህን ነግራኝ አታውቅም።

ማታ ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። የዚያ ዓመት መውሊድ የዋለው ኅዳር መጨረሻ ላይ ነው። ረመዷን የገባው ግንቦት ላይ። ወር ከወር ልክ ገጠመ። የተፀነስኩት ነሐሴ 1976 ገደማ፣ ክረምቱ በከዳቸው ሰሞን ነው። አምስተርዳም በመዝገብ ያገኘችውን እናቴ በቃሏ ይዛዋለች።

እሷ ግን ሰባን አልፋለች። እኩዮቿም እያለቁ ነው። እነዚህ ሴቶች ሳይጠየቁ ቢያልፉ የትም አናገኘውም፤ ይህ እንቅልፍ ይነሳኛል።

ዓርብ ዓርብ ጎረቤቶቿ ቡና ላይ ይሰበሰባሉ። አራቱ የሰባ ሰባት ልጅ አላቸው። ደብተር ገዝቼ ለእህቴ ትቼላት መጣሁ። ትናንት የመጀመሪያውን ገጽ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። "ሴት ልጅ። የአረፋ ማግስት ተወለደች" ይላል። ቆጠርኩት። ነሐሴ 1977።